«ዳር ዳሩን ሂድ» ለጅማ መንገድ የማይሆን ምክር ነው

ጅማ ውስጥ ብስክሌት መንዳት ለጀመረ ሰው የማይቀርለት ምክር «ዳር ዳሩን ሂድ» የሚለው ነው። ከቅን ልብ የሚመጣ ምክር ነው፤ ችግሩ፣ መካሪው ዳሩ ላይ ምን እንዳለ አለማየቱ ነው። ዳሩ ላይ ክፍት ቱቦ አለ። ዝናብ ከኮረኮንቹ ጠርጎ ያወረደው አሸዋና ጭቃ አለ። ታክሲ የሚጠብቅ ሰው፣ ፍሬቻ ሳያሳይ የሚቆም ባጃጅ አለ። ሰው ወደ ዳር የሚሸሸው ከኋላ የሚመጣውን መኪና ፈርቶ ነው፤ ከተማ ውስጥ ግን ብስክሌተኛን በብዛት የሚጥለው ከፊቱና ከጎኑ ያለው ነው፦ ድንገት የሚቆመው፣ ሳያይ የሚታጠፈው፣ በር የሚከፍተው። እነዚህ ሁሉ የሚገጩት ያላዩትን ሰው ነው። ስለዚህ የመንገድ ላይ ጥንቃቄ የሚጀምረው ሹፌሩ ዓይኑን በሚጥልበት ቦታ ላይ ከመገኘት ነው፤ ዳር ላይ የተለጠፈ ብስክሌተኛ ደግሞ ከዚያ ቦታ ውጭ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጠርዙ። የአስፋልቱ ጠርዝ ብዙ ቦታ ተቆርሷል፤ ከኮረኮንቹ ጋር አምስትም አሥርም ሳንቲ ሜትር ይበላለጣል። የፊት ጎማ ከዚያ ሲወርድ ሁሉም ሰው በደመ ነፍስ መሪውን ወደ ግራ ይሰብራል። ጎማው ግን ጠርዙን እየታከከ ይንሸራተታል እንጂ አይወጣም፤ ብስክሌቱ ከሥር ይያዝና ሰውየው ወደ ግራ፣ መኪናው ወደሚመጣበት በኩል ይወድቃል። አንዴ ከወረዳችሁ ለመመለስ አትታገሉ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፔዳል መምታቱን አቁሙ፣ የኋላውን ፍሬን ቀስ አድርጋችሁ ይዛችሁ ኮረኮንቹ ላይ ቁሙ። ከኋላ ያለውን አይታችሁ፣ ጠርዙ ዝቅ ያለበትን መርጣችሁ፣ ጎማውን በጎን ሳይሆን ወደ ፊት ለፊት በተጠጋ አቅጣጫ አውጡት።

ታዲያ የት እንሂድ? በተለመደው መንገድ ጎማችሁ ከአስፋልቱ ጠርዝ አንድ ሜትር ያህል ይራቅ። የቆሙ መኪናዎች ባሉበት ደግሞ ከመኪናው ጎን አንድ ሜትር ተኩል፤ የተከፈተ በር አንድ ሜትር ገደማ ስለሚይዝ ነው። መንገዱ ሲጠብ፣ ለምሳሌ ድልድይ ላይ፣ አደባባይ ውስጥ፣ በጠባብ ኩርባ ወይም በቁልቁለት፣ የመስመራችሁን መሐል ያዙ። ይህን ስል «መኪና አግደህ?» የሚል ይኖራል። ሒሳቡን እንየው። አንድ መስመር ከሦስት እስከ ሦስት ሜትር ተኩል ይሰፋል። የሲኖትራክ አካል ብቻውን ሁለት ሜትር ተኩል ነው፣ ስፖኪዮው ሳይቆጠር። የብስክሌት መሪ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ነው። በብዙ አገሮች ሕግ ብስክሌተኛን የሚቀድም መኪና ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል እንዲርቅ ይደነግጋል፤ ያንን ጨምሩበት። ብስክሌተኛው ጠርዙ ላይ ተለጥፎ ቢሄድ እንኳ ድምሩ ከመስመሩ ያልፋል፤ መኪናው ወደ ሌላኛው መስመር ሳይወጣ በደህና መቅደም አይችልም። ዳር ስትለጠፉ የሚሆነው፣ ሹፌሩ ከፊት መኪና እየመጣም ቢሆን «ትበቃኛለች» ብሎ በጎናችሁ መሹለኩ ነው። አንድ ሜትር ስትገቡ ግን ሹፌሩ ከሩቅ ይወስናል፦ ይጠብቃል ወይም በደንብ ዞሮ ያልፋል። ሲያመችና መንገዱ ሲሰፋ ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ ማሳለፍ ደግሞ ጨዋነት ነው፤ እጅ ብታነሱለት በሚቀጥለው ጊዜ ሌላውንም ይታገሣል።

ቦታ ስትቀይሩ ቅደም ተከተሉ አይዛባ፦ ወደ ኋላ ማየት፣ እጅ ማሳየት፣ እንደገና ማየት፣ ከዚያ መግባት። እንቅፋቱ አጠገብ ከደረሱ በኋላ አይደለም፤ 20 ወይም 30 ሜትር ሲቀር ነው። ወደ ኋላ ማየት ራሱ ልምምድ ይጠይቃል። ጭንቅላት ወደ ግራ ሲዞር ትከሻ ይከተላል፣ ትከሻ መሪውን ይጎትታል፣ ብስክሌቱ ሳታስቡት ወደ መሐል ይገባል። መድኃኒቱ ክርንን ላላ ማድረግና አገጭን ብቻ ወደ ትከሻ ማምጣት ነው፤ ያ ካስቸገረ ግራ እጃችሁን ከመሪው አንሥታችሁ ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩ። መኪና የሌለበት ሜዳ ላይ መስመር አስምራችሁ መስመሩን ሳትለቁ ከኋላችሁ የቆመ ጓደኛችሁ ስንት ጣት እንዳሳየ መናገር እስክትችሉ ተለማመዱ። መሪው ላይ የምትገጠም ትንሽ ስፖኪዮ ትረዳለች፤ ዞሮ ማየትን ግን አትተካም።

አሁን ወደ ባጃጁ። የጅማ ብስክሌተኛ ቀኑን ሙሉ አብሮት የሚውለው ባጃጅ ነውና ጠባዩን ማወቅ ይገባል። ባጃጅ የሚቆመው ፌርማታ ላይ ሳይሆን ሰው ባለበት ነው። የፍሬን መብራቱ መሥራቱን አትመኑ፤ ፍሬቻውንም እንደዚያው። የማይዋሹት ሁለት ነገሮች አሉ፦ የሹፌሩ ጭንቅላትና የፊት ጎማው። ሹፌሩ ወደ ቀኝ፣ ወደ እግረኞቹ ከዞረ ሊቆም ነው። ውስጥ ያለው ሰው ጎንበስ ብሎ ወደ ፊት ከተጠጋ ወይም ኪሱን ከፈተሸ ወራጅ አለ። የፊት ጎማዋ አንድ ስለሆነች ደግሞ ከጎን በግልጽ ትታያለች፤ ጎማዋ ስትዘም አካሉ ከመዞሩ በፊት ታውቃላችሁ። ይህ ሁለተኛው ምልክት የበለጠ ይጠቅማል፤ ባጃጅ በጣም በጠባብ ቦታ ስለሚዞር፣ በግራ ልትቀድሙት ስትሉ እዚያው ላይ ወደ ኋላ ሊጠመዘዝ ይችላልና። የቆመ ባጃጅን በግራ ስትቀድሙ ቢያንስ አንድ ሜትር ራቁ፣ ጎማዋን እያያችሁ እለፉ። በባጃጁና በጠርዙ መካከል በቀኝ መሹለክ ፈጽሞ የማይሞከር ነው፤ ሰው የሚወርደው በዚያ በኩል ነው። ዝናብ ሲሆን ደግሞ የጎን ሸራውን ስለሚያወርዱ ሹፌሩ ጎኑን ጭራሽ አያይም። ያኔ እንደታያችሁ አትቁጠሩ።

ስትከተሉትም ርቀት ጠብቁ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በአንድ ሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ይጓዛል። ዓይን አይቶ እጅ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ያህል ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በደረቅ መንገድ፣ በጥሩ ፍሬን ለመቆም ሌላ አራት ሜትር ይፈልጋል። በጠቅላላው አሥር ሜትር ገደማ ማለት ነው። ባጃጅ ኋላ ላይ ተጣብቆ ነፋስ መከላከል የሚወድ ወጣት ብዙ ነው፤ ነገሩ የሚያበቃው ባጃጁ ሽንኩርት የተሸከመች እናት ሲያይ ነው።

ሚኒባስ ላይም ሕጉ ያው ነው። በሩ በቀኝ በኩል ተንሸራትቶ ይከፈታል፣ ረዳቱ መኪናው ሳይቆም ይዘላል። «ወራጅ አለ» የሚለውን ድምፅ እናንተ ውጭ ሆናችሁ አትሰሙትም። ስለዚህ ፍጥነቱ ሲቀንስና ወደ ቀኝ ሲጠጋ ከኋላው ቁሙ ወይም አይታችሁ በግራ እለፉ።

ትልቁ ነገር ግን የጭነት መኪናው ቀኝ ጎን ነው። ሌላውን ሁሉ ረስታችሁ አንድ ነገር ብቻ ከያዛችሁ ይህን ያዙ። ጅማ የአዲስ አበባ፣ የአጋሮና የቦንጋ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ ቡናውም ሲሚንቶውም በመሐሏ ያልፋል። በአገራችን ሹፌሩ የሚቀመጠው በግራ ነው፤ በሲኖትራክ ቀኝ ጎን፣ ከጋቢናው በር ሥር የቆመ ብስክሌተኛ ለእሱ የለም። ከጋቢናው ፊት ለፊት ተጠግቶ የቆመም እንዲሁ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ በስፖኪዮው ውስጥ የሹፌሩን ፊት ካላያችሁት እሱም አያያችሁም። ፊቱን ማየታችሁ ደግሞ ሊያያችሁ ይችላል ማለት እንጂ አይቷችኋል ማለት አይደለም።

ሰው የሚሞትበት መንገድ እንዲህ ነው። ረጅም መኪና ወደ ቀኝ ለመታጠፍ መጀመሪያ ወደ ግራ ከፈት ይላል። በቀኙ ሰፊ ቦታ ይፈጠራል፤ ብስክሌተኛው «ለእኔ ለቀቀልኝ» ብሎ ይገባል። መኪናው መታጠፍ ሲጀምር የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ዱካ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣሉ፣ ተሳቢ ካለው ደግሞ የባሰ። ያ ሰፊ ቦታ በጥቂት ሰከንድ ይዘጋል፤ በአንድ በኩል ጠርዝ፣ በሌላ በኩል ጎማ፤ መውጫ የለም። ስለዚህ መስቀለኛ መንገድ ላይ የቆመ ወይም ቀስ ያለ የጭነት መኪና ስታገኙ፣ የቀኝ ፍሬቻ በራም አልበራም፣ ከኋላው ጠብቁ። ትንሽ ወደ ግራ አድርጋችሁ ቁሙ፣ በግራ ስፖኪዮው እንድትታዩ። እናንተ ቀድማችሁ ቆማችሁ እሱ ከጎናችሁ መጥቶ ቢቆምስ? አራት አምስት ሜትር ወደ ፊት ራቁና ዞራችሁ ዓይኑን እዩ፤ ቦታ ከሌለ ብስክሌቱን አንሥታችሁ እግረኛ መንገድ ላይ ውጡ። ግማሽ ደቂቃ ነው የሚያስቀርባችሁ።

አደባባይም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በውጭ ጠርዙ እየታከካችሁ ከዞራችሁ፣ የሚወጣው መኪና ሁሉ በፊታችሁ ይቆርጣል። የመስመሩን መሐል ይዛችሁ ግቡ፣ ከመውጫችሁ በፊት ቀኝ እጃችሁን አሳዩ፣ ውጡ። ይህ ካስፈራችሁ ወርዳችሁ እየገፋችሁ በዜብራው ተሻገሩ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሐሙስ የሂርማታ ገበያ በሚደምቅበት ሰዓትማ እኔ ለሁሉም ሰው የምለው ይህንኑ ነው፤ አህያ፣ እሸት የተሸከመ ሰውና የሚጎተት በግ ባለበት ብስክሌት ላይ መቀመጥ ትርፉ ድካም ነው።

ከከተማ ወጣ ሲባል ፈተናው ይቀየራል። በአጋሮም ሆነ በቦንጋ መንገድ ትልቅ መኪና በፍጥነት ሲያልፍ መጀመሪያ ነፋሱ ወደ ዳር ይገፋል፣ መኪናው እንዳለፈ ደግሞ መልሶ ወደ መሐል ይስባል። ግፊቱን ለመቋቋም ወደ መሐል ያዘነበለ ሰው፣ ስበቱ ሲመጣ ተንገዳግዶ ይገባል። ክርን አጠፍ አድርጎ፣ መሪውን አጥብቆ ሳያንቁ፣ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። ሁለተኛ መኪና ተከትሎት እንዳይሆን ጠብቁ፤ ቀዳሚውን ተጣብቆ የሚመጣው ሹፌር እናንተን የሚያያችሁ መጨረሻ ላይ ነው።

ኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ባወጣበት ቦታ በእሱ መሄድ ጥሩ ነው። ሆኖም መስመሩ ከየግቢው መውጫ ጋር በሚገናኝበት ፍጥነት ቀንሱ፤ ከግቢ የሚወጣ ሹፌር መኪና የሚመጣበትን እንጂ የብስክሌቱን መስመር አያይም። መስመሩ ሲያልቅ ደግሞ እንደ አዲስ ዞሮ ማየት ያስፈልጋል።

ስለ ፍሬን ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ የጅማ ዝናብ ከክረምቱ ቀድሞ ጀምሮ ከክረምቱ በኋላ የሚያባራ ነውና። ገበያ ላይ ያሉት ርካሽ ብስክሌቶችና የድሮዎቹ ከባዶች ብዙዎቹ ቸርኬያቸው የሚያብረቀርቅ ብረት ነው። የፍሬን ጎማ ርጥብ ብረት ላይ ይንሸራተታል፤ ቸርኬው ጥቂት ዙር ዞሮ ውኃው እስኪጠረግ ድረስ ፍሬኑ የለም ማለት ይቻላል። አሉሚኒየም የሆነው ይሻላል፣ ግን እሱም ይዘገያል። ስለዚህ በዝናብ ጊዜ መቆሚያው ሲቃረብ ቀድማችሁ ፍሬኑን በስሱ ነካ አድርጋችሁ ቸርኬውን አድርቁ፣ ከዚያ ያዙ። የመከተያ ርቀታችሁንም ቢያንስ እጥፍ አድርጉ። ዝናቡ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች መንገዱ ላይ የተጠራቀመ ዘይትና አቧራ ከውኃው ጋር ይላቆጣል። የተቀባ ዜብራ፣ የቱቦ ብረት ክዳን፣ ርጥብ ኮብልስቶን፣ ከጎን መንገድ በጎማ ተጎትቶ የመጣ ቀይ ጭቃ፦ እነዚህ ላይ መታጠፍም ፍሬን መያዝም የለም፤ ቀድሞ አዝግሞ ቀጥ ብሎ ማለፍ ነው።

በደረቅ መንገድ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። «ይገለብጣል» ተብሎ የሚፈራው፣ አንዴ ድንገት ከተጨበጠና ሰውነት ወደ ፊት ከሄደ ነው። ሁለቱንም ያዙ፣ የፊቱን ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ፣ መቀመጫችሁን ወደ ኋላ እየገፋችሁ። ኩርባ ላይ ፍጥነት የሚቀነሰው ከመግባት በፊት ነው። ከጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወደ ከተማ ስትወርዱ ብስክሌት ሳትነዱት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ፍሬኑን ሳይለቁ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል፤ እየያዛችሁ እየለቀቃችሁ ውረዱ። የተዋሳችሁት ብስክሌት ከሆነ የትኛው እጅ የፊቱን እንደሚይዝ ሳትነሡ እወቁ፤ ከብስክሌት ብስክሌት ይለያያልና።

ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት የአንድ ደቂቃ ፍተሻ ይበቃል። የፍሬን መያዣውን እስከ መጨረሻ ጨብጡ፤ በመያዣውና በመሪው መካከል ሁለት ጣት ካልገባ ገመዱ ላልቷል፣ ይጥበቅ። የፍሬን ጎማው ከቸርኬው አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ ላዩ ላይ ያለው ቦይ ከጠፋ አልቋል። ሲያዝ የሚያርፈው ቸርኬው ላይ ብቻ መሆን አለበት፤ ጎማውን የሚነካ ከሆነ በትንሽ ቀን ጎኑን ቆርጦ ያፈነዳዋል። ገመዱ መያዣው ውስጥ በሚገባበት ጫፍ አንድ ክር እንኳ ከተበጠሰ ቀይሩት፤ የቀረውም የሚበጠሰው አጥብቃችሁ በያዛችሁበት ቀን ነው። የፊት ፍሬን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዙ፤ ቋ ቋ የሚል ካለ የመሪው አንገት ላልቷል። የጎማ ንፋስ ልኩ ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ለ26 ኢንች ወፍራም ጎማ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው። ጎሚስታ ጋ ስታስሞሉ ግን ልጁን አስጠንቅቁት፦ ኮምፕሬሰሩ ለመኪና የተሠራ ነው፣ የብስክሌት ጎማ በሰከንዶች ይሞላል፣ ይፈነዳል። ነካ ነካ እያደረገ፣ እየለካ ይሙላ።

ማታ። አንድ ሰዓት ሲሆን ጨልሟል፣ ብዙ ሰፈር የመንገድ መብራት የለም። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ያስፈልጋል፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ግን የኋላውን ግዙ። የኋላው ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይይ፣ ጃኬት ወይም የጫናችሁት ዘንቢል አይሸፍነው። የመኪና ዕቃ መደብር የሚሸጠውን አንጸባራቂ ቴፕ ገዝታችሁ ፔዳሉ ላይና ፓራፋንጎው ላይ ለጥፉ። ፔዳሉ ላይ ያለው ዋጋው ይበልጣል፤ ከፍ ዝቅ ሲል ሹፌሩ ወዲያው ብስክሌት መሆኑን ይለያል። የእጅ ስልክ መብራት በአንድ እጅ ይዞ መንዳት መብራት አይባልም። ከፊት አንድ መብራት ብቻ ሲመጣ ደግሞ «ሞተር ነው» ብላችሁ አትዝናኑ፤ አንዱ መብራቱ የተቃጠለ አይሱዙ ሊሆን ይችላልና ሰፊውን አስቡ። ረጅም መብራት ዓይናችሁን ሲያጠፋው ወደ ቀኝ ጠርዝ እያያችሁ ፍጥነት ቀንሱ።

ልብስም ነገር አለው። ነጭ ነጠላ ማታ ይታያል፣ ግን ጫፉ ከኋላ ጎማ ከገባ አንገት ይዞ ይጥላል፤ እንልበሰው ካላችሁ ጫፉን ሸጉጡ። ቀሚስና ጅልባብ ለሚለብሱ እኅቶች የኋላ ጎማውን ከሁለት ጎን በመረብ ወይም በላስቲክ መሸፈን፣ ሰንሰለቱ ላይ መከለያ ማስገጠም ነው። የቀኝ እግር ሱሪ በላስቲክ ይታሠር። ጀሪካን መሪ ላይ አይንጠለጠልም፤ ሲወዛወዝ መሪውን ይነዳዋል። ከኋላ፣ ዝቅ አድርጎ፣ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ አጥብቆ ማሠር ነው፤ የላስቲኩም ጫፍ አይንጠልጠል። ሄልሜት ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ማሠሪያው ከአገጭ ሥር ከአንድ ጣት በላይ አያስገባ፤ አንዴ በጠንካራ ከተመታ ባይሰነጠቅም ይጣል። ሄልሜት ራስን ከወደቁ በኋላ ይረዳል፤ ከላይ ያልኩት ሁሉ ግን እንዳይወደቅ ነው፣ ቅደም ተከተሉን አታዘዋውሩት።

ለሹፌሮችም ጥቂት። ክላክስ በእኛ አገር ሰላምታም ማስጠንቀቂያም ስድብም ነው፤ ብስክሌተኛ ጀርባ ላይ ተጠግቶ ሲጮህ ግን የሚያደርገው ማስደንገጥ ነው፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ዞሮ ሲያይ መሪውን ይዞ ይዞራል። ካስፈለገ ከ30 ሜትር ርቀት፣ አጭር አንድ ጊዜ ይበቃል። ብስክሌት ቀድሞ ወዲያው ወደ ቀኝ መታጠፍ መንገድ መዝጋት ነው፤ መታጠፊያው ከቀረበ ከኋላው ሆኖ መጠበቅ። በቁልቁለት ብስክሌት ከምትገምቱት በላይ ይፈጥናል፤ «እስኪደርስ እወጣለሁ» አትበሉ። የመኪና በር በሩቁ እጅ፣ የሹፌሩ ከሆነ በቀኝ እጅ፣ ክፈቱ፤ ሰውነት ስለሚዞር ዓይን ሳይወድ በግድ ወደ ኋላ ያያል። ረዳቱንና ተሳፋሪውንም ይህንኑ አስለምዱ።

አደጋ ከደረሰ፣ ተነሥቶ ለመንዳት መቸኮል አይገባም። ትኩስ ሳለ ስብራት አይታወቅም። ሌላ መኪና እንዳይደርስ ሰው መንገዱ ላይ ቆሞ ያስጠንቅቅ፤ አንገቱን ወይም ጀርባውን ያመመውን ሰው ግን አንሥቶ ባጃጅ ውስጥ ማጠፍ ጉዳቱን ያባብሳል፣ በወደቀበት አረጋግታችሁ አምቡላንስ ጥሩ። መጀመሪያ የሚመዘገበው የመኪናው ታርጋ ነው፤ የሦስተኛ ወገን መድን ለተሽከርካሪ ሁሉ ግዴታ ስለሆነ የሕክምናው ጉዳይ በዚያ በኩል ይሄዳል። ትራፊክ ፖሊስ ሳይመጣ «ተስማምተናል» ብሎ መለያየት የኋላ ኋላ የሚከፈልበት ነው። ራሱን የተመታ ሰው በዚያኑ ቀንም ሆነ በማግስቱ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት፣ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ብስክሌቱ ደግሞ ፎርኬታው (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) መጣመሙና ቸርኬው መሰንጠቁ ሳይታይ እንደገና አይነዳም፤ ከጎን ሆናችሁ ፎርኬታው ከአንገቱ ጋር በቀጥታ መስመር መውረዱን እዩ፣ ወደ ኋላ ከታጠፈ አቃንቶ መጠቀም የለም፣ ይቀየራል።